«ሙግቱን ይበልጥ የሚያጠናክረው የትኛው ነው?» ስለ አንድ የፈተና ጥያቄ የቀረበ ሂስ

በዚህች መጽሔታችን ሂስ ሲቀርብ የተለመደው አንድ ልብ ወለድ ወይም አንድ የግጥም መድበል አንሥቶ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ማሳየት ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን ደራሲው ስሙን ያልጻፈበት፣ ገጸ ባሕርይ የሌለው፣ ከአንድ አንቀጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። የፈተና ጥያቄ ነው። «የፈተና ጥያቄ ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል? መልሱን አጥቁሮ ማለፍ ነው እንጂ!» የሚሉን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሡን። ይህ ጥያቄ እኛ በየግጥም ምሽቱና በየሻይ ቤቱ የምንከራከርበትን መንገድ የሚነካ ነገር አለው። የዚህችኑ መጽሔት የሂስ ዓምድ ሳይቀር ይነካል።

ፈተናው በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰደው፣ በአጭሩ «ኤልሳት» የሚባለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1948 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በአገራችን ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ነው። በአሜሪካ ግን በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው የሚገቡበት ነው። ፈተናውም የሕግ ዕውቀት አይጠይቅም፤ አንድም አዋጅ አንብቦ የማያውቅ ሰው ከሌላው እኩል ይቀመጣል። የሚለካው ማንበብና ማመዛዘን ነው። ለብዙ ዓመታት «የሎጂክ ጨዋታ» እየተባለ የሚፈራ ክፍል ነበረው፤ ከነሐሴ 2024 ወዲህ ቀርቷል። አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ናቸው፦ አንዱ አንብቦ መረዳት ነው፤ ሁለቱ አጫጭር ሙግቶችን ማመዛዘን ናቸው። ለእያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ይሰጣል። በሙግቱ ክፍል 25 ያህል ጥያቄ ስላለ ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርስም። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ይሰፈራል። እንግዲህ የሙግቱ ክፍል ከሦስቱ ሁለቱን እጅ ይዟል ማለት ነው።

ከነዚህ ጥያቄዎች መካከል አንዱ ዓይነት ሙግቱን ይነግርህና «ከሚከተሉት ውስጥ፣ እውነት ቢሆን፣ ሙግቱን ይበልጥ የሚያጠናክረው የትኛው ነው?» ይልሃል። አምስት ምርጫ ይደረድራል። አንዱን መምረጥ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። አይደለም። በአጭር ሙግት ውስጥ ሁለት የተነገሩ ነገሮችና አንድ ያልተነገረ ነገር አለ። የተነገሩት መነሻውና መደምደሚያው ናቸው። ያልተነገረው ከመነሻው ወደ መደምደሚያው ያሻገረው ግምት ነው። ለቅኔ ተማሪ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ የተነገረውን ሰምቶ ያልተነገረውን መፈለግ የለመደው ሥራ ነው። ልዩነቱ ወዲህ ነው፦ ባለቅኔው ወርቁን የሸሸገው አውቆ ነው። ተሟጋቹ ግን ብዙ ጊዜ የሸሸገው ነገር መኖሩን ራሱም አያውቅም። ስለዚህ ሙግትን ለማጠናከር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከባለቤቱ የተሻለ ሊያነበው ይገባል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው መሆኑ ነው።

እስቲ ከራሳችን ቤት ምሳሌ እንፍጠር። አንድ ተማሪ እንዲህ አለ እንበል፦ «በሦስት የግጥም ምሽቶች በክራር ታጅበው የተነበቡት ግጥሞች ያለ ክራር ከተነበቡት የበለጠ ጭብጨባ አግኝተዋል። ስለዚህ ክራር የግጥምን ኃይል ይጨምራል።» ሙግቱን ይበልጥ የሚያጠናክረው የትኛው ነው?

ሀ. ክራር በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲደመጥ የኖረ መሣሪያ ነው።

ለ. በክራር የታጀቡትን ግጥሞች ያነበቡት ቀድሞውንም ስማቸው የታወቀ ገጣሚዎች ነበሩ።

ሐ. እነዚያው ግጥሞች በእነዚያው ገጣሚዎች ያለ ክራር በተነበቡበት ሌላ ምሽት ያገኙት ጭብጨባ ያነሰ ነበር።

መ. ከሦስቱ ምሽቶች በአንዱም ያለ ክራር የተነበበ ግጥም ከፍተኛውን ጭብጨባ አላገኘም።

ሠ. ወደ ግጥም ምሽት ከሚመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ የክራር ድምፅ በጣም ይወዳሉ።

«ሀ» ልብ ያሞቃል። ማንም አይቃወመውም። ግን ከዘመን ርዝመት ወደ ግጥም ኃይል የሚወስድ መንገድ የለም፤ ስለ ክራር መሆኑ ብቻ ስለ ሙግቱ አያደርገውም። «ለ» ጭራሽ ጠላት ነው። ጭብጨባው ለክራሩ ሳይሆን ለስማቸው ሊሆን ይችላል ይለናል፤ ሙግቱን ያዳክማል። በጥድፊያ የሚያነብ ሰው «ከጭብጨባው ጋር ግንኙነት አለው» ብሎ ይህን ይመርጣል፤ ግንኙነት ያለው ሁሉ ግን ወዳጅ አይደለም። «መ» ቀድሞ የተነገረውን መልሶ ይነግረናል። መነሻውን ሁለት ጊዜ ማለት ሁለት መነሻ አያደርገውም፤ ይህን ደግሞ በስብሰባዎቻችን ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንኑ የሚደግም ሁሉ ልብ ቢለው ጥሩ ነበር።

«ሠ»ን በተለይ ልናየው ይገባል። ለክራር የቆመ ይመስላል። ነገር ግን ሰዎቹ ክራር ስለሚወዱ ካጨበጨቡ፣ ያጨበጨቡት ለክራሩ እንጂ በክራሩ ለበረታው ግጥም ላይሆን ይችላል። ሙግቱ «ጭብጨባ የግጥም ኃይል መለኪያ ነው» የሚል ያልተነገረ ግምት አለው፤ «ሠ» ያንን ግምት ከሥሩ ይነቀንቀዋል። ወዳጅ መስሎ የሚያፈርስ ማለት ይህ ነው።

የቀረው «ሐ» ነው። ግጥሙ ያው፣ ገጣሚው ያው፣ የተለወጠው ክራሩ ብቻ ነው። የስም ጉዳይ፣ የግጥም ምርጫ ጉዳይ የሚሉት አማራጭ ምክንያቶች ወደ ጎን ተገፉ። ልብ በሉ፤ «ሐ» ሙግቱን አላረጋገጠውም። አዳራሹ በሌላኛው ምሽት ባዶ የነበረ እንደሆነስ? የጭብጨባና የኃይል ነገርስ? እነዚህ ክፍተቶች እንዳሉ ናቸው። ጥያቄው ግን «የሚያረጋግጠው የቱ ነው?» አላለም፤ «ይበልጥ የሚያጠናክረው» ነው ያለው። በፈተናው ውስጥ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ጥያቄዎች አሉ፦ አንዱ ሙግቱ ያለእርሱ የማይቆምበትን ግምት ይጠይቃል፣ ሌላው ከመነሻው ጋር ሲጨመር መደምደሚያውን የግድ የሚያደርገውን ይጠይቃል። ማጠናከር በእነዚህ መካከል ያለ ትሑት ሥራ ነው። ሚዛኑን ትንሽ ወደዚህ ማዘንበል፣ በቃ።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን ከታሪክ አንድ ጉዳይ እንውሰድ። በ1854 ነሐሴ መጨረሻ ላይ በለንደን ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገባ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም «በሽታው የመጣው ከብሮድ ጎዳና የውሃ ፓምፕ ነው» አለ። መነሻው ሟቾቹ በብዛት በፓምፑ ዙሪያ የሚኖሩ መሆናቸው ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት አብዛኞቹ ግን በሽታን የሚያመጣው የተበከለ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። በፓምፑ ዙሪያ የሚኖር ሰው የሚጠጣው ውሃ ብቻ ሳይሆን የሚተነፍሰውም አየር አንድ ነው። ስለዚህ የስኖው መነሻ ብቻውን ለሁለቱም ወገን ያገለግላል። ሙግቱ ድጋፍ ያስፈልገው ነበር።

ምን አገኘ? በዚያው ሰፈር 535 ድሆች የሚኖሩበት የድሆች መጠለያ ነበር፤ ከነዚህ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። በዚያው ጎዳና ላይ ከ70 በላይ ሠራተኞች ያሉት የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ ከሠራተኞቹ በኮሌራ የሞተ የለም። የሚጠጡት ቢራ ነበር፤ ፋብሪካውም የራሱ ውሃ ነበረው። እነዚህ ያንኑ አየር እየተነፈሱ ያንን ውሃ አልጠጡም፤ ዳኑ። ከዚያ ደግሞ ተቃራኒውን አገኘ። ሃምስቴድ በሚባል ሩቅ ቦታ የምትኖር አንዲት ባል የሞተባት ሴት ለብዙ ወራት ወደ ሶሆ ድርሽ ሳትል በኮሌራ ሞተች። የብሮድ ጎዳናን ውሃ ጣዕም ስለምትወድ በየቀኑ በጠርሙስ ታስመጣ ነበር። ሊጠይቋት መጥታ ከዚያው ውሃ የጠጣች ዘመዷም ወደምትኖርበት ኢስሊንግተን ተመልሳ ሞተች። እነዚህ ውሃውን ጠጡ፣ አየሩን ግን አልተነፈሱም።

ማጠናከር እንግዲህ ይህን ይመስላል። ምክንያት የተባለው ሲጎድል ውጤቱም ጎደለ፤ ምክንያት የተባለው ብቻውን ርቆ ሲሄድ ውጤቱም ተከትሎት ሄደ፤ ተቀናቃኙ ምክንያት በሁለቱም በኩል ከሜዳ ወጣ። አንዱም ማስረጃ ግን ብቻውን «ተፈጸመ» የሚያሰኝ አልነበረም። የኮሌራ ባክቴሪያ በሮበርት ኮህ ጥናት በሰፊው የታወቀው ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ነው።

የሚያሳስት ምርጫም አልጠፋም። መስከረም 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፤ ወረርሽኙም ቆመ። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲተርክ ይህንን እንደ ዋና ማስረጃ ያቀርበዋል። ስኖው ራሱ ግን እጀታው ከመነቀሉ በፊት ሕዝቡ ሰፈሩን ጥሎ በመሸሹ በሽታው ቀንሶ እንደነበር ጽፏል። የራሱን ሙግት የሚያሳምርለትን ማስረጃ በሚገባው መጠን ብቻ መዘነው። ከማጠናከሪያዎቹ ሁሉ ይልቅ እኛን የማረከን ይህ ነው።

አሁን ወደ ሂሳችን እንግባ። ይህ የፈተና ጥያቄ እንደ ጽሑፍ ምን ጎደለው?

አንደኛ፣ ምርጫዎቹ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ስኖው ቤት ለቤት እየዞረ ጠይቆ ያገኘውን፣ ተፈታኙ በአምስት መስመር ተደርድሮ ያገኘዋል። ከተደረደረ ውስጥ ጥሩውን መለየት አንድ ችሎታ ነው፤ ምን እንደጎደለ አውቆ ፍለጋ መውጣት ሌላ ችሎታ ነው። ፈተናው የሚለካው የመጀመሪያውን ነው። መድኃኒቱ ግን በተፈታኙ እጅ አለ፦ ምርጫዎቹን ከማየት በፊት ቆም ብሎ «ይህን ሰው ምን ባገኝለት ይጠቅመዋል?» ብሎ ራስን መጠየቅ። ይህን ያደረገ ሰው ምርጫዎቹን የሚያነበው የሚፈልገውን እያወቀ ነው። ያላደረገው በአምስቱም ደጃፍ ሲለምን ይውላል።

ሁለተኛ፣ ጊዜው አጭር ነው። በ35 ደቂቃ 25 ያህል ሙግት የሚያነብ ሰው አንዱንም አይወድም፣ አንዱንም አይጠላም። ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው፤ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ሰው ሐሳቡን ከመመዘኑ በፊት ዓረፍተ ነገሩን መፍታት አለበት። ስለዚህ የሚለካው ማመዛዘን ብቻ ነው ቢባል አንቀበልም። ፍጥነትም አብሮ ይለካል።

ሦስተኛና ዋናው «እውነት ቢሆን» የምትለዋ ሐረግ ናት። እዚች ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው አምስቱንም ምርጫዎች እውነት አድርገህ ተቀበል ይላል። «ይሄማ ውሸት ነው» ማለት አይፈቀድም። ከመካከላችን ገሚሱ ይህ ለማያምኑበት ነገር ጉልበት ማበደር ነው፣ ጠበቃን ምላሰኛ የሚያደርገው ይኸው ነው አሉ። ገሚሱ ደግሞ የሌላውን ሰው ሙግት በሙሉ ጉልበቱ ሳያዩ መፍረድ ፍርድ አይደለም አሉ።

እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። «እውነት ቢሆን» የመጀመሪያ እርምጃ ናት። በእርሷ አማካይነት የትኛው ማስረጃ ለጉዳዩ እንደሚጠቅም እንለያለን። ሁለተኛው እርምጃ «እውነት ነውን?» ብሎ መሄድና ማጣራት ነው። ፈተናው በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ይቆማል፤ ፈተና ስለሆነ አንፈርድበትም። የሚያስፈራው እኛ በኑሯችንም እዚያው ስንቆም ነው። በግቢያችን አንድ ወሬ ሲነሣ «ይህ እውነት ከሆነማ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው!» እንላለን። ከሁለት ቀን በኋላ «ከሆነማ» የምትለዋ ቃል ትጠፋለች፤ «ነገሩ ግልጽ ነው» ብቻ ይቀራል። በሁለት ቀን ውስጥ የተጨመረ ማስረጃ የለም። የተቀነሰ ቃል ግን አለ።

የእኛስ የሙግት ባህል? በቀድሞው ዘመን ተሟጋች በዳኛ ፊት ቆሞ «በላ ልበልሃ!» ሲል፣ በግጥም እያዋዛ ባላጋራውን ሲያፋጥጥ፣ «ተጠየቅ!» ብሎ ሲጠይቅ የነበረበት ሥርዓት ለሥነ ጽሑፋችን ትልቅ ሀብት ነው። መጠየቁ በተለይ የሚደነቅ ነው፤ ባላጋራን በጥያቄ አስገድዶ ያልተነገረውን ግምት ማስወጣት ከላይ ያልነው ሥራ ነውና። ነገር ግን ሙግቱ ሲጠብቅ ውርርድ ይመጣ ነበር፦ የማር፣ የበቅሎ ውርርድ። እዚህ ላይ ልዩነቱን እናያለን። በቅሎ ያስያዘ ሰው በነገሩ መተማመኑን አሳየ፤ በቅሎዋ ግን ስለ ነገሩ ምንም አታውቅም። ውርርድ ተሟጋቹን ያጠናክራል እንጂ ሙግቱን አያጠናክርም። ዛሬ በቅሎ ባናስይዝም ልማዱ አልለቀቀንም። «እኔ እምልልሃለሁ»፣ «እገሌ የሚባል ትልቅ ሰው ነው ያለው»፣ «ይህን የማይቀበል ማንበብ የማይችል ነው» ስንል የምናስይዘው ያው በቅሎ ነው።

የሂስ ዓምዳችንም ከዚህ አያመልጥም። ብዙዎቻችን ሃያሲነትን ማፍረስ አድርገን ይዘነዋል። «ይህ ልብ ወለድ የገጠሩን ሕይወት አያሳይም፤ ስለዚህ ደካማ ነው» ብለን እንጽፋለን። ያልተነገረው ግምት «ማንኛውም ልብ ወለድ የገጠሩን ሕይወት ማሳየት አለበት» የሚል ነው። ይህን በግልጽ ብንጽፈው ራሳችን እናፍርበት ነበር። ሃያሲው ሙግቱን ማጠናከር ቢፈልግ ምን ይፈልግ? መጽሐፉ ራሱ ቃል የገባውን ይፈልግ። ባለታሪኩ ከገጠር የመጣ ከሆነ፣ በየምዕራፉ ስለ ቀየው እየተናገረ የሚያለቅስ ከሆነ፣ ቀየው ግን በአንድም ገጽ በአካል ካልታየ፣ ያን ጊዜ ጉድለቱ የመጽሐፉ የራሱ ነው። ሂሱም ከሃያሲው ምኞት ወጥቶ መጽሐፉ ላይ ይቆማል።

ይህም ብቻ አይደለም። የምንተቸውን ደራሲ ሙግትስ አጠናክረንለት እናውቃለን? አንድ ደራሲ በድርሰቱ ሊያሳየን የፈለገውን ነገር፣ ለእርሱ የሚያግዘውን በጣም ጠንካራውን ማስረጃ ከመጽሐፉ አውጥተን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብንጽፍ፣ ከዚያ በኋላ የምንሰነዝረው ትችት ይከብዳል። ደካማውን ገጽ መርጦ መምታት ማንም ይችላል። ጠንካራውን ገጽ አንሥቶ «ይህም ሆኖ እንኳ» ማለት ነው ሂስ።

እንግዲህ ሐሳባችንን እናቅርብ። በዚህች መጽሔት ሂስ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ጽሑፉን ለማባዣ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ የራሱን መነሻና መደምደሚያ ለየብቻ በወረቀት ጽፎ በመካከላቸው ያለውን ያልተነገረ ግምት ይፈልግ። ሁለተኛ፣ ለሚተቸው ሰው የሚበጀውን ከሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ፈልጎ በጽሑፉ ውስጥ ያስገባ። እውነት መሆኑንም ያጣራ። አሜሪካ ሄዶ ሕግ መማርን የሚያስብ ካለ ለፈተናው ይጠቅመዋል፤ የማያስብም ቢሆን አይጎዳውም። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ ካለ ተቃውሞውን ይላክልን፤ ከማተማችን በፊት ሙግቱን የሚያጠናክር ነገር ካገኘን ራሳችን እንጨምርለታለን።